ውሃ የሚያረባው ጋሽ ይመር

ዓሣ ማየት መንፈስን ያረጋጋል የሚባለው ውሸት ነው። ይህን ያስወሩት በእንግዳ መቀበያቸው የመስታወት ገንዳ ያቆሙ ባለሆቴሎችና የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። የሚያሳዩን ዓሣውን ነው፤ ዓሣውን በሕይወት የሚያቆየውን ሰው ፊት አያሳዩንም። እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ። መርሳ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ሃምሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ አንድ ራዲያተር ጠጋኝ በቤቱ ውስጥ የባሕር ዓሣ ዐሥራ አንድ ዓመት አኑሯል። በዐሥራ አንዱ ዓመት ውስጥ ልቡ ረግቶ የተቀመጠበትን አንድ ከሰዓት እንኳ አላስታውስም።

ሰውየው ጋሽ ይመር ነው። አምና ከመስቀል በኋላ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ራዲያተር እንደታቀፈ ልቡ ቀጥ አለ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው «ታጋሽና የተረጋጋ አባት ነበር» ሲል እድርተኞቹ ተያዩ። አንዱማ ያሳለ መስሎ ሳቁን ዋጠ።

በሠልስቱ ዕለት ሚስቱ እትዬ ዘርፌ ከድንኳኑ በዓይኗ ጠቅሳ ጠራችኝና ወደ ሳሎን አስገባችኝ። ገንዳው እንደ ወትሮው ይንፎለፎላል። ውስጡ የቀሩት ሁለት ዓሣዎች ብቻ ናቸው። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ውሃው የደረሰበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ።

«በአንድ ጣት ጎድሏል። የባሕሩን ልጨምር ወይስ የቧንቧውን?»

መለስኩላት። ምን ብዬ እንደመለስኩ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ የሚያኮራ ስላልሆነ አልቸኩልም።

ከጋሽ ይመር ጋር ያገናኘችን ያረጀች መኪናዬ ናት። ከወልድያ ወደ ደሴ ስሄድ ሲሪንቃ ላይ ፈላች፤ ገመድ ታስሮላት መርሳ ደረሰች። ራዲያተሩን ሲፈታልኝ «ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል ጋሼ?» አልኩት አንቱታ አክዬ። ቀና ብሎ አየኝና «አንቱ ያልከኝ ዋጋ እንድቀንስ ነው እንድፈጥን?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንቱ ብዬው አላውቅም። እየጠበቅሁ ሳለ ከኋላ ካለው መኖሪያ ቤት ድስት የሚፈላ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። የሰው ቤት ገብቶ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ገባሁ።

ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ፣ ከመስኮት መስታወት የተሠራ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ገንዳ ቆሟል። ከታች ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ የተቦረቦሩ ድንጋዮች፣ ከድንጋዮቹ መሃል በጎኑ የተጋደመ የእንስራ ስባሪ። ከስባሪው አፍ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች ብቅ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። እኔ ብዙ አንብቤአለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው ነኝ፤ የባሕር ዓሣ በሕይወት እያለ ያየሁት ግን ገና ያን ቀን ነው። እጄን ወደ ውሃው ስሰድ ጋሽ ይመር ከኋላዬ የእጄን አንጓ ያዘኝ።

«ሳሙና ነክተሃል?»

«አዎ፣ አሁን ነው የታጠብኩት» አልኩ እንደ ንጹሕ ሰው።

«እኮ፣ እሱን ነው የጠየቅሁህ።»

ሳሙና ጠላቱ ነበር። ከሳሙና ቀጥሎ የሚፈራው የራሱን ሥራ ነው። ራዲያተር መዳብና ናስ ነው፤ መዳብ ደግሞ ለባሕር ፍጥረት፣ በተለይ ለቀንድ አውጣና ለሸርጣን፣ በጥቂቱም መርዝ ነው። ስለዚህ ከሱቅ ሲገባ ሸሚዙን ደጅ ያወልቃል፤ እስከ ክርኑ ድረስ በንጹሕ ውሃ ብቻ ሦስት ጊዜ ይለቃለቃል፤ ከዚያ ለገንዳው ብቻ የተለየ ሌላ ሸሚዝ ይለብሳል። እትዬ ዘርፌ ይህን ሥርዓት በሩ ላይ ቆማ እያየች «ቅዳሴ ሊገባ ነው» ትላለች። ገንዳውን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ጣውንቴ» ነው የምትለው። «ጣውንቴ ምሳ በላች? እንግዲያ እኔም ልብላ።»

ጎረቤቱም አልማረውም። ሐይቅ እዚህ አፍንጫችን ሥር እያለ ዓሣ ከጅቡቲ ማምጣት ምን ይሉታል እያሉ ያሾፉበታል። ጾም ሲቃረብ ደግሞ መጥበሻውን አዘጋጅተሃል ወይ እያሉ በየተራ ይመጣሉ። ለሁሉም የሚመልሰው አንድ ነው፦ «እኔ ዓሣ አላረባም። ውሃ ነው የማረባው። ዓሣው እንግዳ ነው፤ ቤቱ ከተመቸው ይቀመጣል።» መጀመሪያ ስሰማው የተራቀቀ አባባል መስሎኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አባባል አልነበረም፤ የሥራ መመሪያ ነበር። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ሌላው ነገር ጋሽ ይመር የባሕር ናፍቆት ይዞት ነው ገንዳውን የሠራው የሚል ነው። ይህም ውሸት ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ተሳቢ ይዞ የጅቡቲን መስመር ሲመላለስ እግሩን እንኳ ባሕር ውስጥ ነክሮ አያውቅም። ዋና አይችልም፤ ሙቀቱን ይጠላል፤ የሽታው ነገር ሲነሳ ፊቱ ይጨማደዳል። ያጋጠመው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ጭነት እየጠበቀ ብዙ ቀን ወደብ ከተማው ላይ ይቆያል። ከሰዓት ከሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማዕበሉ ሲሸሽ የሚቀረውን ኩሬ ያያል። ኩሬው ውስጥ አንድ ትንሽ ዓሣ ነበረ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን፣ ያው ዓሣ ያችኑ ድንጋይ እየዞረ ይጠብቃል፤ የመጣውን ሁሉ ያባርራል። «እኔ ከቤቴ ከወጣሁ ሃያ ቀን ሆኖኝ ነበር» አለኝ። «እሱ ግን ያን ሁሉ ውሃ ትቶ ከደጁ አልተንቀሳቀሰም። ቀናሁበት።»

ቅናት ነው እንግዲህ ያመጣው፣ ናፍቆት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች ያመጣቸው በመኪናው ጋቢና ውስጥ፣ በበረዶ ሣጥን ነው። ውሃውን ግን እዚሁ እሠራዋለሁ ብሎ አሰበ። የወሎ ሰው ከአፋር በግመል የመጣ ጨው ሲልስ ነው የኖረው፤ ጨው ጨው ነው ብሎ ከገበያ የአፋር ጨው ገዝቶ በጉድጓድ ውሃ በጠበጠ። ቀምሶ «ልክ እንደ ባሕሩ» አለ። ዓሣዎቹ በሁለተኛው ቀን አለቁ። ባሕር ውሃና ጨው ብቻ አለመሆኑን፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ነገሮች በልክ በልካቸው የተቀላቀሉበት መሆኑን የነገረው አንድም መጽሐፍ አልነበረም፤ የሞቱት ዓሣዎች ናቸው የነገሩት። ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ይሸጣል። መርሳ አይደርስም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ባሕሩን ራሱን አመጣ፤ በጀሪካን።

ወገቡ ታሞ መንዳት ሲያቆም የድሮ ጓደኞቹ በየተራ ያመጡለት ጀመር። ሕጉ ጥብቅ ነው። ከወደብ አይቀዳም፣ ዘይትና ናፍጣ አለበት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ውሃው ጥርት ካለበት ነው። ጀሪካኑ ዘይት ያልነካው፣ ሳሙና ያልነካው መሆን አለበት። ማንም ተሳስቶ ናፍጣ እንዳይሞላበት እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል።

አሁን ይህን በእኛ አገር ሰው ዓይን እዩት። ከሩቅ የመጣ ቢጫ ጀሪካን፤ ጨርቅ የታሰረበት፤ መሬት ላይ የማይቀመጥ፤ በቆሸሸ እጅ የማይነካ፤ ሾፌሩ በሁለት እጁ አቅፎ የሚያወርደው። ይህ ምንድን ነው? ጠበል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አያ ደምሌ የሚባሉ ከሀብሩ ደጋ የሚወርዱ ገበሬ በአንድ የገበያ ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ አረፍ ብለዋል። ሆዳቸውን ከታመሙ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያልሞከሩት የለም። ጋሽ ይመር ለዕቃ ወልድያ ሄዶ ነበር። አያ ደምሌ ጀሪካኖቹን አዩ፤ አማተቡ፤ በጣሳ ቀድተው እስከ መጨረሻው ጠጡ። እትዬ ዘርፌ ስትደርስ አጥሩን ተደግፈው አንጀታቸው እስኪወጣ ያስመልሳቸዋል። እሷ ደንግጣ ውሃ በላይ በላዩ ስታጠጣቸው እሳቸው በመሃል «ወጣልኝ፣ ወጣልኝ» ይላሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠርሙስ ማር ይዘው መጡ። ተሽሏቸዋል። እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩና እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም፤ እውነቱን ንገራቸው ብዬ ጋሽ ይመርን ወጠርኩት። ሳትወጥረኝም ልነግራቸው ነበር አለ። ማሩን በእጁ እንደያዘ ፊታቸው ቆመ።

«አያ ደምሌ፣ ይቅር ይበሉኝ። የጠጡት ጠበል አይደለም። የጅቡቲ ባሕር ውሃ ነው። ለዓሣ ያመጣሁት።»

አያ ደምሌ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው፦

«ባሕሩንስ የፈጠረው ማን ሆነና?» አሉ። «ማሩን ብላ።»

የሆነው ሆኖ ካሳው የሚባለው ልጃቸው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሽ ይመር ውሃ አምጪ እሱ ሆነ። ጀሪካኖቹም ቁልፍ ያለው ክፍል ገቡ።

ውሃው ልክ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅበት መሣሪያ አስቂኝ ነበር። መካኒኮች የባትሪ አሲድ የሚለኩበት መለኪያ ለዚህ ስላላገለገለው፣ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ወስዶ ከታች እርሳስ አቅልጦ ጠቀጠቀበት፤ ከላይ በሰም ደፈነው። እስክሪብቶዋን ከጅቡቲ በመጣው ውሃ ላይ ቀጥ ብላ እንድትንሳፈፍ አደረገና ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ ቀይ ክር አሰረባት። በቃ። ክሩ ውሃው ፊት ላይ ከሆነ ሰላም ነው። እስክሪብቶዋ ከፍ ካለች ጨው በዝቷል፤ ከሰመጠች አንሷል። በየማለዳው ቁርስ ሳይቀምስ እሷን ያያል። እኔ በእስክሪብቶ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ እንደዚያች እውነት የምትናገር ግን ይዤ አላውቅም።

ዓሣ ሲመርጥ ደግሞ ሽማግሌ የላከ አባት ይመስል ነበር። እኛ ሙሽራ ስንመርጥ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ መልኳን አይደለም የምንጠይቀው፣ ዘሯን ነው። እሱም ያው ነው። ሲያድግ ምን ያህላል? ከማን ጋር ይጣላል? ብቻውን ይኖራል በመንጋ? ከሁሉ በፊት ግን፦ ምን ይበላል? እነዚህን ያልመለሰ ዓሣ ቤቱ አይገባም። የገባም ቢሆን ሦስት ሳምንት በሌላ ገንዳ ለብቻው ይቀመጣል፤ በሽታ ይዞ ከመጣ ቤተኛውን እንዳይፈጅ።

ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ያስጣስኩት እኔ ነኝ። ካሳው ከጅቡቲ በስልክ የዓሣ ፎቶ ላከ። እንደ መዳፍ የሳሳ፣ እንደ አደይ አበባ ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ሻሽ የታሰረ የሚመስል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ይምጣ አልኩ። ጋሽ ይመር ምን እንደሚበላ ጠይቀው አለ። እኔም ዓሣ ምን ይበላል፣ የዓሣ ምግብ ነዋ ብዬ ቀለድኩ፤ ስለ ውበትም ረጅም ንግግር አደረግሁ። በንግግሬ ተረታ። ዓሣው መጣ። ከሐይቅ የመጣ የዓሣ ሥጋ ደቆ ተሰጠው፤ አሸተተና ሄደ። ደረቅ ሽሪምፕ ተሰጠው፤ ሄደ። በኋላ እንደተረዳነው የሚበላው ሕይወት ያለውን የባሕር ኮራል ብቻ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተ። ጋሽ ይመር አልተቆጣኝም። ዓሣው ከመሞቱ በፊት ግን ከወልድያ አስጠርቶ ገንዳው ፊት አቆመኝ።

«እየው» አለኝ። «ምግብ መሃል ቆሞ ይራባል። ክፋት የለበትም፤ እምቢተኛም አይደለም። የተፈጠረበት ነው። እኛ ነን የማይሆን ቤት ያስገባነው።»

ንባቤ እንደዚያ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። በኋላ ብዙ ነገር ባየሁ ቁጥር፣ የማይስማማው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሹምም ይሁን ያለ ፈቃዷ የተዳረች ልጅ፣ ያ ቢጫ ዓሣ ይታየኛል።

ባለመቀነቶቹ ግን ሁሉን በሉ፣ ሁሉን ቻሉ። ስለ እነሱ አንድ ነገር አንብቤ ምሳ ላይ ተናገርኩ። ከጥንዶቹ ትልቋ ሴቷ ናት፤ እሷ ከሞተች ባሏ ሌላ አያገባም፣ ቀስ በቀስ ራሱ ተለውጦ ሴት ይሆንና ቦታዋን ይይዛል አልኳቸው። እትዬ ዘርፌ ጉርሻዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ እኔ ብሞት ይመር ቀሚሴን ሊለብስ ነው?»

«እኔ ብሞት ነው እንጂ፣ አንቺ ራዲያተር የምትበይጂው» አላት።

«ራዲያተሩን እበይዳለሁ» አለች። «ጣውንቴን ግን ለድመት ነው የምሰጣት።»

ሳቅን። ያኔ መሣቅ ቀላል ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ለወራት ሄደ። እኔ መንገዱ ሲዘጋ መርሳ ነበርኩ፤ ከእነ ጋሽ ይመር ቤት የምወጣበት ስላልነበረኝ እንግድነቴ ረዘመ። የባሕር ገንዳ ያለ መብራት ማለት ሳንባ የሌለው ሰው ማለት ነው። አየሩን የሚነፋው ሞተር ሲቆም ዓሣዎቹ በሰዓታት ውስጥ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። ጋሽ ይመር ለሁለት ሰዓት ያህል ፊቱ አመድ መስሎ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ሱቁ ሄዶ ሁለት የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ይዞ ተመለሰ። በእጅ ፓምፕ እስኪወጠሩ ነፋቸው፤ አየር ማስገቢያቸው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አሰረ፤ ቱቦውን በሽቦ ቆንጠጥ አድርጎ ጫፉን ውሃው ውስጥ ከተተ። አየሩ እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ ውሃው ይንፎለፎላል። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይነፋል።

ምግቡንም ወደ ሩብ እፍኝ ቀነሰው፤ ያልተበላ ምግብ ውሃ ያበላሻልና። ዓሣ ከሚራብ ውሃ ቢታመም ይከፋል ይል ነበር።

ፓምፑን ብቻውን ሊችለው አልቻለም። እኔ ነፋሁ። ወሬ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ መቶ መቶ ጊዜ እየነፋ ሄደ፤ መጥበሻ አዘጋጅ ይሉ የነበሩትም ጭምር። አያ ደምሌ ከደጋ በእግራቸው ወርደው ሲመጡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነፉ። «ይህችን ባሕር ጠጥቻታለሁ» አሉ፣ «ውለታ አለብኝ።»

በዚህ ሁሉ መሃል አፌ አላርፍ አለኝ። አንድ ቀን ሰው ዳቦ ባጣበት ጊዜ ለዓሣ ትንፋሽ መሯሯጥ ያሳፍራል አልኩ። ምናልባት ጋሽ ይመር ራሱም እንደዚያ ያስብ ነበር። የመለሰችው ገንዳውን ቀና ብላ የማታየው እትዬ ዘርፌ ናት። ፓምፑን ከእጄ ወሰደች።

«ያለንን እህል ከጎረቤት ጋር ተካፍለናል። ሌላ ማዳን የምንችለው ነገር ካለ ንገረኝና እሱን ላድን» አለችና መንፋት ጀመረች።

ሰባት ዓሣዎች ነበሩ። መብራት ሲመለስ የቀሩት አራት ነበሩ፤ ኋላ ከእነሱም ሁለቱ አርጅተው ሞቱ፣ ባለመቀነቶቹ ብቻ ቀሩ። ጋሽ ይመር አምፖሉ ቦግ ሲል ሞተሩን ሰክቶ ድምፁን ሰማና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲገልጠው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ «ውሃው ግማሽ መለወጥ አለበት» የሚል ነበር። የተረጋጋ ሰው ነበር ላሉት ይህ መልስ ይሁንልኝ።

ካቻምና ሐኪም ልብህ ደክሟል አለው። ከዚያ በኋላ የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ገንዳውን ማን ይይዘዋል? ልጆቹ ሩቅ ናቸው። እትዬ ዘርፌ ለድመት እሰጣለሁ ብላለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ከወልድያ በሚኒባስ እየወረድኩ ተማርኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ደብተር ሞላሁ። እትዬ ዘርፌ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ምስር ትለቅማለች፤ ትሰማለች ብሎ ያሰበ የለም። አንድ ቀን ጋሽ ይመር እስክሪብቶውን ከእጄ ቀማኝ። «ደብተሩን ዝጋና ውሃውን እይ» አለኝ። ዘጋሁ። ለአምስት ደቂቃ ያህል አየሁ። ከዚያ ሳያየኝ እንደገና ከፈትኩት።

አሁን ወደ ሠልስቱ ልመለስ። ውሃው በአንድ ጣት ጎድሏል፤ የባሕሩን ልጨምር ወይስ የቧንቧውን? ሁለት ደብተር የሞላሁት ሰው ነኝና ለአፍታም አላመነታሁም።

«የባሕሩን» አልኩ። «የባሕር ገንዳ አይደል?»

እትዬ ዘርፌ ከገንዳው ጥግ እስክሪብቶዋን አነሳችና ውሃው ላይ ለቀቀቻት። ቀይ ክሩ ከውሃው ፊት ከፍ ብሎ ቆመ።

«ጨው አይተንም፣ ወንድሜ» አለች በዝግታ። «የሄደው ውሃው ነው፤ ጨውማ እዚሁ ቀርቷል። አንተ እንዳልከው በጨው ላይ ጨው ብጨምርበት ሁለት ቀብር ይሆንብን ነበር።»

የክሎሪኑ ሽታ እንዲወጣ ሁለት ቀን በገበቴ ተቀምጦ የነበረ የቧንቧ ውሃ ከጓዳ አመጣች። ለካስ ባሏ በሞተ ማግስት ነው ያስቀመጠችው። እጇን እስከ ክርኗ ሦስት ጊዜ ተለቃለቀች፤ ሳሙና የለም። በኩባያ፣ በኩባያ፣ እየቆየች አፈሰሰች። እስክሪብቶዋ ቀስ እያለች ወረደች። ክሩ ውሃው ፊት ላይ ሲደርስ እጇን አነሳች። ከድንኳኑ የልቅሶ ድምፅ ይሰማል። ባለመቀነቶቹ ከእንስራው ስባሪ ብቅ ብለው አዩን።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሲለፈልፍ» አለች፣ «ጆሮዬን የት ላድርገው?»

ያን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀችኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ገንዳውን ልትሰጠኝ አስባ ሳይሆን አይቀርም። መልሴን ሰምታ ሐሳቧን ቀየረች። በሕይወቴ ከሰጠኋቸው የተሳሳቱ መልሶች ሁሉ የማልጸጸትበት ያ ብቻ ነው።

ዓመት ሞላው። ሱቁን የእህቷ ልጅ ይሠራበታል፤ ገንዳው ግን የእሷ ነው። ጣውንቴ ማለት አልተወችም፤ «ጣውንቴን ላብላ» ብላ ከልቅሶ ቤት ተነስታ ትሄዳለች። ሐይቅ ድረስ ሄዳ ዓሣ ትገዛለች፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ታደቅቃለች፣ ዳቦ የወረወረ እንግዳ ታባርራለች። ባሏ በዐሥራ አንድ ዓመት ያላየውንም አየች። ባለፈው ክረምት እንስራው ስባሪ ላይ እንደ ጤፍ የደቀቁ ብርቱካንማ እንቁላሎች ተጣበቁ። ተባዕቱ በክንፉ እያራገበ ሲጠብቃቸው ከረመ። ተፈለፈሉ፤ በሁለተኛው ቀን አንዳቸውም አልተረፉም። ደውላ ስትነግረኝ ላጽናናት ሞከርኩ፤ ምን ሆንኩ ብለህ ነው አለችኝ። «ይመር የመጀመሪያዎቹን በሁለት ቀን ነው የጨረሰው። እኔም እማራለሁ።» ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጥለዋል። ለሕፃናቱ የምትሆን ትንሽ ገንዳ አሠርታለች።

የቸገራት አንድ ነገር ነው። ካሳው መስመር ቀይሯል፤ አሁን የሚጭነው ወደ ጎንደር ነው። ትንሿ ገንዳ አልተሞላችም፤ ቁልፍ ያለው ክፍል ውስጥ የቀረው አንድ ጀሪካን ነው፣ እሱም ግማሽ። ባሕር ደግሞ መርሳ ላይ አይዘንብም።

ስለዚህ አንተ በጅቡቲ መስመር የምትነዳ፣ ወይም እንዲህ የሚነዳ ወንድም፣ ባል፣ ጎረቤት ያለሽ፦ የጋሽ ይመርን ታሪክ ወደድኩት አትበሉኝ፤ እሱ ለማንም አይጠቅምም። አንድ ንጹሕ ጀሪካን ያዙ። ሳሙና አታስነኩት። ከወደብ አትቅዱ፣ ወጣ በሉ። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩና መርሳ ስትደርሱ ራዲያተር ቤቱን ጠይቃችሁ ለእትዬ ዘርፌ አስረክቡ። መንገድ ላይ ማንንም አታጠጡ። ቀጣዮቹ እንቁላሎች ሳይፈለፈሉ ውሃውን አድርሱ።